ቫሪኮስ ቬን፦ ቆሞ ለሚውል ሰው ከደሴ የተጻፈ መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ላይ ፀጉር ማስተካከል ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ቆሞ መዋል ነው። ደንበኛው ይቀመጣል፣ ወንበሩ ይዞራል፣ እኔ እቆማለሁ። አረፋም ሆነ ፋሲካ ሲደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቁጭ ሳልል የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ምልክት የሰጠኝ ግራ እግሬ ነው። ሲመሽ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደኛል። ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና ከእንቅልፌ ያነቃኛል። ለሰው ስናገር መልሱ አንድ ነው፦ «ብርድ ነው»። ደሴ ላይ ተቀምጦ ብርድ አይደለም ማለት ደግሞ ይከብዳል። ወፍራም ካልሲ ደረብኩ። ቅባት አሸሁ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ከጉልበቴ በታች ሰማያዊ ስር እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ወጣ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስሙን ነገረኝ፦ ቫሪኮስ ቬን። የእግር ደም ስር መወጣጠር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነገር እናንተ ዛሬውኑ እንድትጀምሩት ነው። አስተማሪ፣ አስተናጋጅ፣ ትራፊክ፣ ልብስ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት የምትቆሙ፣ ምጣድ ፊት የምትውሉ እናቶች፣ ለእናንተ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት ጭነት የያዘ መኪና ከቆመ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ኋላ ታኮ ያደርጋል። ታኮው ከሌለ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

የእግራችን ደምም እንደዚሁ ነው። ከልብ ሲወርድ ቁልቁለት፣ ሲመለስ ዳገት። ደም መልስ በሚባሉት ስሮች ውስጥ ታኮ የሚሆኑ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደሙ ወደ ላይ ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ። ደሙን ሽቅብ የሚገፋው ሞተር ደግሞ ባታችን ነው። በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ ስሩን ይጨምቀዋል። ቆሞ መዋል ማለት እንግዲህ ሞተር አጥፍቶ ዳገት ላይ መቆም ነው። ታኮው ሲደክም ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ስሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል።

መቆም ብቻውን አያመጣውም። በዘር ይወረሳል፤ የእናቴም እግር እንደኔ ነው። እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ከዚህ በፊት እግር ውስጥ ደም ረግቶ ማወቁ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሙቀትም ስሩን ያሰፋዋል። እህቴ ደሴ እያደረች ኮምቦልቻ ትሠራለች። «ሐረጎን ስወርድ እግሬ ይከብደኛል» ትለኛለች። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ እሷም ማሽን ፊት ቆማ ነው የምትውለው። እውነቷን ነው።

አንድ፦ እግራችሁን እዩት

ማታ ከሥራ ስትገቡ ሱሪያችሁን ከጉልበት በላይ ሰብስቡ። መብራት ያለበት ቦታ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ተኝታችሁ ካያችሁት ስሩ ባዶ ስለሚሆን ይደበቃል። የተጠማዘዘ ስር አለ? አንዱ እግር ከሌላው ያብጣል? የቅልጥማችሁን አጥንት በአውራ ጣት አሥር ሰከንድ ተጫኑት፤ ሲለቁት ጎድጉዶ ይቀራል?

ከሁሉ በላይ በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ያለውን ቆዳ እዩ። የጠቆረ፣ የደረቀ፣ የሚያሳክክ ወይም የደነደነ ከሆነ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። ቁስል የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስሮች ብቻ ከሆኑ ግን አብሽሩ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ናቸው።

ያበጠ እግር ሁሉ ቫሪኮስ አይደለም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ሰው፣ እብጠቱ ከእግር ጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ቆዳውም ከሻከረ፣ ያ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሌላ ነው። ሁለቱም እግር አብጦ ፊትም ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ልብና ኩላሊት መታየት አለበት።

ሁለት፦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ

አንድ እግር በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ አትሹት፣ አታሳሹት። ጥልቅ ያለው ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ይገድላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ። ወጌሻ ጋ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም።

ሦስት፦ ሥራ ላይ ሞተሩን አስነሡ

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ ሲነሳ ቀጣዩ እስኪቀመጥ ድረስ እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ። መላጫ ስቀይር፣ ማሽኑን ዘይት ስቀባ፣ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን 20 ጊዜ አነሳና አወርዳለሁ። ቀስ ብሎ ነው። ወደ ላይ፣ ትንሽ ቆም፣ ወደ ታች። ባታችሁ ሲጠነክር ይሰማችኋል። ያ ነው ሞተሩ። በሰዓት አንዴ ከሆነ በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ይሆናል፤ ከሥራ የሚያስቀር ነገር የለውም። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁብኝ። አሁን ሱቁ ውስጥ ያለን ሦስታችንም እናደርገዋለን።

ሁለተኛው ትንሽ በርጩማ ነው። አንድ እግሬን አሥር ደቂቃ እሱ ላይ አሳርፋለሁ፣ ከዚያ እቀይራለሁ። ምጣድ ፊትም፣ ካሸር ጋም ይሠራል። ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ባት በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ለበዓል ይቀመጥ። ጉልበት ላይ የሚያንቅ ላስቲክ፣ ጭን ላይ የሚጣበቅ ሱሪ፣ ብሽሽት የሚይዝ ቀበቶም እንደዚያው።

ቤተ ክርስቲያን ለሚቆሙ፦ መቋሚያው ላይ ተደግፎ ተረከዝ ማንሣት ማንንም አይረብሽም። ሰኞ ገበያ መሬት ላይ እግር አጥፎ መዋል፣ በርጫ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ እነዚህም ከመቆም አይሻሉም። ጉልበት ሲታጠፍ ስሩም ይታጠፋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ውስጥ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። መኪናው ለምሳ ሲቆም ቶሎ ብላችሁ ከመቀመጥ ዞር ዞር በሉ። ውኃ ጠጡ። ሽንት ያስቸግረኛል ብሎ ሳይጠጡ መሄድ ደም ያወፍራል።

የእግር ጉዞ ደግሞ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው። ደሴ ዳገት አላት። ባጃጅ ከመጥራት በእግር ብትወጡት ባታችሁ ያመሰግናችኋል።

አራት፦ እግር ማንሣት

ብዙ ሰው እግር መስቀል ሲባል በርጩማ ላይ ማሳረፍ ይመስለዋል። ያ ምቾት ይሰጣል እንጂ በቂ አይደለም። እግር ከልብ በላይ መሆን አለበት። ፍራሽ ላይ ተጋደሙ፣ እግራችሁን በሁለት ትራስ ወይም በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ አድርጉ። ግድግዳ ላይ ማሳረፍም ይቻላል። 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ማታ ለሚያብጥበት ሰው ደግሞ በእግርጌ በኩል ከአልጋው እግሮች በታች ጡብ አስገብቶ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። የልብ ድካም ያለበትና ሲተኛ የሚያፍነው ሰው ግን ይህን አያድርግ።

አምስት፦ የሚጨምቀው ካልሲ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው። የኳስ ካልሲ ወይም ጠባብ ታይት አይተካውም። ላዩ ከጠበቀ ደሙን ያግደዋል፣ ይባስ ያሳብጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ነርስ የእግራችሁን የደም ምት በጣቱ ይፈልግላችሁ። ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስ፣ እግሩ የሚቀዘቅዝና የሚደነዝዝ፣ ሲራመድ ባቱን አሞት ሲቆም የሚተወው ሰው ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ራሱ ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ላለ እግር ካልሲው አደጋ ነው።

ከዚያ ልኬት። ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ እግር የቀጠነበት ቦታ ዙሪያው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ባት የወፈረበት ስንት ነው፣ ከወለል እስከ ጉልበት በታች ያለው ቁመት ስንት ነው። ሦስቱን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ፋርማሲ ሂዱ። እሽጉ ላይ የግፊት ቁጥር አለ። ለጀማሪ ከ15 እስከ 20 የሚለው ይበቃል። ከ20 እስከ 30 የሚለውን ሐኪም ሲያዝ ብቻ።

የመጀመሪያው ጠዋት አልረሳውም። እንደ ተራ ካልሲ ጎተትኩት። ተረከዙ ዞሮ እግሬ ጀርባ ላይ ወጣ። አወጣሁት፣ እንደገና ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጥዬው ወጣሁ። ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ አንዲት ነርስ እንዲህ አሳየችኝ።

አልጋ ላይ እንዳላችሁ፣ እግር መሬት ሳይነካ ነው የሚደረገው። እጃችሁን እስከ ተረከዙ ድረስ ወደ ውስጥ አስገቡ። ተረከዙን ያዙና ካልሲውን ገልብጡት፤ የእግሩ ክፍል ብቻ ውስጥ ይቀራል። ጣቶቻችሁን አስገቡ፣ ተረከዙን ከተረከዛችሁ ጋር አግጥሙ። የተገለበጠውን በመዳፍ እየዳበሳችሁ ወደ ላይ መልሱት። በጥፍር አትጎትቱ። የጎማ ጓንት ካደረጋችሁ ጨርቁን ይይዝላችኋል። ጣቱ ክፍት የሆነ ካልሲ ከሆነ እግራችሁ ላይ ፌስታል አድርጉና ካልሲውን ከላዩ አንሸራቱት፣ ከዚያ ፌስታሉን በጣት በኩል ሳቡት። ጫፉ ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ሽብሽቡን አስተካክሉ፣ ጫፉን በፍጹም አትጠፉት፤ የታጠፈ ካልሲ ገመድ ነው።

ማታ ስትተኙ አውልቁ። በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። አትጠምዙት። ጥላ ላይ ይድረቅ። በየቀኑ ከለበሳችሁት ከስድስት ወር በኋላ ይላላል፤ በቀላሉ መግባት ከጀመረ ጊዜው አልፏል።

ካልሲው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከከበደ የላስቲክ ፋሻ አለ። ከጣቶች ሥር ጀምሩ፣ ተረከዝን አታስቀሩ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረጋችሁ ከጉልበት በታች ጨርሱ። ጣቶች ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወዲያው ፍቱት።

ስድስት፦ ቆዳውና ቁስሉ

ማታ እግራችሁን በለብ ባለ ውኃ ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ሲያሳክክ አትፋቁ። በጥፍር የተጀመረ ቁስል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቤቴ አይቻለሁ።

እናቴ ውስጠኛ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሳንቲም የምታህል ቁስል ወጣች። ጎረቤት ቅጠል አመጣ። ሌላው የቡና ዱቄት ነሰነሰ። አንድ ክሊኒክ ለወራት የፀረ ተሕዋስያን (አንቲባዮቲክ) መርፌ ወጋት፤ እግሯን ያሰረ ግን አልነበረም። ቁስሉ የእጅ መዳፍ አከለ። ሽታው ያሳፍራት ስለነበር ለቅሶ ቤት መሄድ ተወች። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው፣ ከላዩ ከጣት እስከ ጉልበት በላስቲክ ፋሻ አሰሩላት። በየሳምንቱ እየተቀየረ በአራተኛው ወር ዘጋ።

ይህን ቁስል የሚያድነው ጭመቃው ነው። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቁስሉ ሲመረቅዝ፣ ዙሪያው ሲቀላና ሲሞቅ፣ ትኩሳት ሲመጣ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የእግር ቁስል ሁሉ ሐኪም ይየው።

ሰባት፦ እባካችሁ ተዉ

የተወጣጠረ ስር ላይ ዋግምትና ብጣት አይደረግም። ስሩ ቆዳ ሥር ስስ ሆኖ ያለ ነው፤ ከተነካ ደሙ ይንፎለፎላል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። በኃይል ማሸትም ተዉ። በፈላ ውኃና በጨው መዘፍዘፍ ለጊዜው ያሳርፋል፣ ግን ሙቀቱ ስሩን ያሰፋል። እግር የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በየማታው መዋጥም ታኮውን አይጠግንም፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ስሩ ከፈነዳ፦ ወዲያው በጀርባ ተኙ፣ እግሩን ከልብ በላይ አንሡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደም የሚወጣበትን ቦታ በቀጥታ ተጫኑ። 10 ደቂቃ እየገለጡ ሳያዩ። ከላይ በነጠላ ወይም በገመድ አትሰሩ፤ የሚፈሰው የሚመለስ ደም ስለሆነ ከላይ ማሰር ያብሰዋል። ሲቆም በፋሻ አስሩና ሐኪም ቤት ሂዱ። ከቆመም ሂዱ፣ ይመለሳል።

ስምንት፦ እርጉዝ ከሆናችሁ

በእርግዝና ስሩ ይወጣጠራል፤ ከወለዱ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። በግራ ጎን መተኛት፣ እግር ማንሣት፣ ካልሲው፣ እነዚህ ይበቃሉ። ቀዶ ሕክምና ይቆያል። ከወለዱ በኋላ የወሊድ መከላከያ ስትወስዱ ስለ እግራችሁ ለጤና ባለሙያዋ ንገሩ፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል ደም የማርጋት ዕድሉን ይጨምራል፣ ሌላ አማራጭ አለ።

ዘጠኝ፦ ሐኪም ዘንድ

የጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ያዙ። ሆስፒታል ስትደርሱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የምትጠይቁት ምርመራ የእግር ደም ስር ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። አያምም፣ ጨረር የለውም። የትኛው ታኮ እንደደከመና ጥልቁ ስር ክፍት መሆኑን ያሳያል። ይህ ሳይታይ ቀዶ ሕክምና አትቀበሉ። ጥልቁ ከተዘጋ ላይኛው ስር ብቸኛው መመለሻ ሊሆን ይችላልና።

ሕክምናው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ስሩን የሚያጣብቅ መድኃኒት በመርፌ መስጠት ነው፤ ለትንንሾቹ ጥሩ ነው። ሁለተኛው በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ስሩን ከውስጥ መዝጋት ነው። ሦስተኛው የቆየው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብሽሽት ላይ ቋጥሮ የተበላሸውን ስር ማውጣት። «ስር ከወጣ እግር ይደርቃል» የሚባለው ልክ አይደለም። አብዛኛው ደም የሚመለሰው በጥልቁ ስር ነው። የተበላሸው ሲወጣ ደሙ በጤነኛው ይሄዳል። ታማሚው በቶሎ ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ካልሲም ይታዘዝለታል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ስር ሊወጣጠር ይችላል፤ ስለዚህ ተረከዝ ማንሣቱ አይቀርም።

ስትሄዱ ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስ ልበሱ። ሐኪሙ እግራችሁን ቆማችሁ ነው የሚያየው። ካልሲ ወይም ፋሻ ካላችሁ፣ የምትውጡት መድኃኒትም ካለ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ እግር ወይም የረጋ ደም የነበረበት ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።